የሸማኔው ልጅና የትንንሽ ከተሞች ቤተ መጻሕፍት

አንድሪው ካርኔጊ እ.ኤ.አ. በ1835 በስኮትላንድ ከሸማኔ ቤተሰብ ተወለደ። ቤተሰቡ በ1848 ወደ አሜሪካ ሲሰደድ፣ እርሱ በጥጥ ፋብሪካ በሳምንት 1 ዶላር ከ20 ሳንቲም ተቀጠረ። መጽሐፍ መግዣ ላልነበረው ታዳጊ ኮሎኔል ጄምስ አንደርሰን የግል ቤተ መጻሕፍታቸውን ከፈቱለት።

በብረት ሥራ ከበለጸገ በኋላ ውለታውን አልዘነጋም፤ በገንዘቡ ከ2 ሺህ 500 በላይ ቤተ መጻሕፍት ታነጹ፤ ብዙዎቹም በትንንሽ ከተሞች ነበሩ። ስጦታው ግን ግዴታ ነበረበት። ጠያቂዋ ከተማ ቦታ ማቅረብ፣ ከግብሯም የስጦታውን አንድ አሥረኛ በየዓመቱ ለቤተ መጻሕፍቱ ማስኬጃ መመደብ ይጠበቅባት ነበር። ግብሩ የከበዳቸው፣ በ1892 በሆምስቴድ ፋብሪካው የፈሰሰውን የሠራተኞች ደም ያልረሱም ገንዘቡን አልተቀበሉም።

ካርኔጊ በ1919 አረፈ። ሕንጻዎቹን ያቆመው የእርሱ ሀብት ቢሆንም፣ በሮቻቸው እንዳይዘጉ ያደረገው የነዋሪው ዓመታዊ መዋጮ ነው።