እጨጌ እንባቆም፦ ለኢማሙ የጻፉት የየመን ሰው

ከኤደን ፕሬሪ፣ ሚኔሶታ

እዚህ ኤደን ፕሬሪ የኢትዮጵያ ክርስቲያንና የሶማሌ ሙስሊም ጎረቤታሞች ናቸው። ልጆቻችን አብረው ይማራሉ፤ አንዱ አምላክ እንዴት ሦስት ይባላል፣ አምላክስ እንዴት ሰው ይሆናል የሚለው ጥያቄም አብሯቸው ቤት ይገባል። ብዙዎቻችን ወላጆች ተቆጥተን እናልፈዋለን። ከ500 ዓመት ገደማ በፊት ግን ይህንኑ ጥያቄ ሳያልፉት የታገሉት አንድ ሰው ነበሩ፤ እጨጌ እንባቆም።

እንባቆም የተወለዱት የመን ውስጥ፣ ከሙስሊም ቤተሰብ ነው። ቀይ ባሕርን ተሻግረው ኢትዮጵያ የገቡት በወጣትነታቸው ነበር። ገድላቸው እንደሚተርከው ቁርኣን ስለ ኢየሱስ የሚናገረውን ሲያነቡ ልባቸው ለሁለት ተከፈለ። ሆኖም ወዲያው አልተጠመቁም፤ እየጠየቁና እየተከራከሩ ብዙ ጊዜ ቆዩ። በመጨረሻ ደብረ ሊባኖስ መነኮሱ፤ ውለው አድረውም የገዳሙ 11ኛ እጨጌ ሆኑ። በዐፄ ልብነ ድንግል ዘመን ግን ተከሰው ከመንበራቸው ወረዱ፤ ተጋዙም። ስደትን የምናውቅ ሰዎች ይህን ለማስረዳት ብዙ ቃል አያስፈልገንም።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። እ.ኤ.አ. በ1531 የኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም (የግራኝ) ጦር ደብረ ሊባኖስን አቃጠለ። አብያተ ክርስቲያናት ይነዱ ነበር፤ ብዙ ሕዝብም ሃይማኖቱን ይለውጥ ነበር። እንባቆም ሰይፍ የላቸውም፤ ዐረብኛና ቁርኣን ግን ያውቃሉ። በ1540 አንቀጸ አሚን፣ ማለትም የእምነት በር፣ የተባለውን መጽሐፍ ጻፉ። የጻፉትም ለሌላ ለማንም ሳይሆን ለራሳቸው ለኢማሙ ነው።

የመጽሐፉ ብልሃት እዚህ ላይ ነው። ወንጌልን የማይቀበል ሰው በወንጌል አይረታምና ከኢማሙ መጽሐፍ ተነሡ። ቁርኣን ኢየሱስን የእግዚአብሔር ቃል፣ ከእርሱም የሆነ መንፈስ ይለዋል፤ ከድንግል መወለዱንም ይመሰክራል። በዚሁ ቃል ላይ በ8ኛው መቶ ዘመን ዮሐንስ ዘደማስቆም ተከራክሮበት ነበር፤ እግዚአብሔርን ከቃሉና ከመንፈሱ የሚለይ ሰው አምላኩን ቃልና መንፈስ የሌለው ያደርገዋል ባይ ነው። እንባቆም ሌላም ማስረጃ ጨመሩ፤ ወንጌል በብዙ ሕዝቦች ቋንቋ ሲነበብ ቁርኣን በዐረብኛ ብቻ መወሰኑን።

ይህኛው ለእኔ ደካማ ነው፤ መተርጎም መስፋፋትን እንጂ እውነትነትን አያሳይም። የመጀመሪያውንም ቢሆን የእስልምና ሊቃውንት አይቀበሉትም። ቃል መባሉ፣ ኹን በሚለው ትእዛዝ መፈጠሩን ለማመልከት ነው ይላሉ። ቢሆንም ገዳሙ ለተቃጠለበት ሰው የአቃጣዩን መጽሐፍ በጥሞና ማንበብና በዚያው ቋንቋ ማነጋገር ቀላል ነገር አይደለም።

ጦርነቱ በመጽሐፍ አልቆመም፤ ኢማሙ በ1543 ወይና ደጋ ላይ ተገደሉ። እንባቆም በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን ወደ ትርጉም ሥራቸው ተመለሱ። በ1553 በረላምና ይዋስፍ የተባለውን መጽሐፍ ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ መለሱ። የመጽሐፉ ጥንተ ምንጭ የቡድሃ የሕይወት ታሪክ ነው፤ ከህንድ ተነሥቶ፣ ዐረብ አገር አቋርጦ፣ የክርስቲያን ልብስ ለብሶ በአንድ የየመን ተወላጅ እጅ ግዕዝ ገባ።