የዶክቶር ቪታል ብራዚል ሕይወት፤ ባልንጀራን በዕውቀት ስለ መርዳት

አንባቢ ሆይ፤ ለታመመ ሰው ማዘን መልካም ነው፤ ነገር ግን ኀዘን ብቻውን በሽተኛን አያድንም። ላዘነለት ሰው ሲል ደክሞ የሚማርና የተማረውን የሚመረምር ግን ብዙ ነፍስ ያተርፋል። ይህንም ከዶክቶር ቪታል ብራዚል ሕይወት እንረዳለን።

ቪታል ብራዚል በአውሮጳ አቈጣጠር በ1865 ዓ.ም. በብራዚል አገር ካምፓንያ በምትባል ከተማ ተወለደ። ወላጆቹ ባለጸጎች ስላልነበሩ ለምግቡና ለትምህርቱ ራሱ እየሠራ ተማረ፤ በ1891 ዓ.ም. በሪዮ ዴ ጃኔሮ የሕክምና ትምህርቱን ፈጸመ። ከዚያም ቦቱካቱ በምትባል የገጠር ከተማ ሐኪም ሆኖ ሲያገለግል፣ በእርሻ የሚደክሙ ድሆች በእባብ እየተነደፉ ሲሞቱ አየ።

በ1899 ዓ.ም. ሳንቶስ በምትባል የወደብ ከተማ ቸነፈር ገባ። እርሱም በሽታውን ሊመረምር ሄዶ ራሱ ታመመ፤ ሞትንም አምልጦ ወደ ሥራው ተመለሰ። በ1901 ዓ.ም. በሳን ፓውሎ አጠገብ በቡታንታን እርሻ ላይ ለተቋቋመው የመድኃኒት መሥሪያ ቤት አለቃ ሆነ።

በዚያን ዘመን ፈረንሳዊው ሐኪም አልቤር ካልሜት በኮብራ መርዝ ያዘጋጀው መድኃኒት ለእባብ መርዝ ሁሉ ይበቃል ተብሎ ይታሰብ ነበር። ቪታል ብራዚል ግን የታላቅ ሰው ሥራ ነው ብሎ ብቻ አልተቀበለውም፤ በአገሩ እባቦች መርዝ ፈተነው፤ መድኃኒቱም አልረዳም። ስለዚህ የልዩ ልዩ እባብ መርዝ ልዩ ልዩ መድኃኒት እንደሚሻ አስረዳ። አሠራሩም እንዲህ ነው፤ መርዙን ጥቂት በጥቂት ፈረስን ይወጉታል፤ የፈረሱም ደም መርዙን የሚቃወም ኀይል ባበጀ ጊዜ የደሙን ውኃ ለይተው ለተነደፈው ሰው ይሰጡታል። ጃራራካ ለሚባለው እባብ አንድ፣ ጅራቱን ለሚያንሿሿው ለካስካቬል ሌላ፣ የነደፈው እባብ ላልታወቀም ሰው ለሁለቱ የሚሆን ሦስተኛ አዘጋጀ።

ነገር ግን በከተማ የተቀመጠ መድኃኒት በዱር ለተነደፈ ሰው ምን ይጠቅመዋል? ስለዚህ ከገበሬዎች ጋራ ተስማማ። ገበሬው እባብን በሕይወቱ ይዞ፣ በሣጥን አድርጎ፣ በባቡር ይልካል፤ መሥሪያ ቤቱም በምላሹ መድኃኒት ይሰድለታል። እንዲህም ድሀው እንደ ለማኝ ሳይቈጠር፣ እንደ ሥራ ባልደረባ መድኃኒቱን ተቀበለ። በ1916 ዓ.ም. ደግሞ በኒው ዮርክ የአራዊት ጠባቂ የሆነ ሰው በእባብ ተነድፎ ሊሞት በተቃረበ ጊዜ በዚሁ መድኃኒት ዳነ።

ቪታል ብራዚል በ1919 ዓ.ም. በኒቴሮይ ሌላ መሥሪያ ቤት አቋቁሞ፣ በ1950 ዓ.ም. ዐረፈ። ሁለቱም ቤቶች ዛሬ ድረስ መድኃኒት ያዘጋጃሉ።

እንግዲህ ወዳጄ ሆይ፤ ባልንጀራህ ሲቸገር፣ ለሌላው የበጀው ሁሉ ለእርሱም ይበጀዋል አትበል። አስቀድመህ የነደፈው ምን እንደ ሆነ ጠይቅ፤ ከዚያም መድኃኒቱን እደጁ ድረስ አድርስለት።