ዶክተር አንቶን ቼኾቭ፦ በክፉ ቀን የተከፈተ የቤት ውስጥ ክሊኒክ

ለመገናኛ በዓላችን መድበል አጭር የሕይወት ታሪካችሁን ላኩ ስንባል ብዙዎቻችን ምን ያህል እንደምንለግም እናውቃለን። አንዱ ጊዜ የለኝም ይላል፣ ሌላው ምን የሚጻፍ ነገር አለኝ ብሎ ያሳልፈዋል። ይህ ልግም የእኛ ብቻ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1899 በሞስኮ ዩኒቨርሲቲ የ1884 የሕክምና ምሩቃን የክፍላቸውን አልበም ያሰናዱ ነበር (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ሥራውን የያዘው የነርቭ ሐኪሙ ግሪጎሪ ሮሶሊሞ ሲሆን፣ ለክፍል ጓደኞቹ ስለ ሕይወታችሁ ጻፉልኝ እያለ ደብዳቤ ይልክ ነበር። ከእነዚያ ጓደኞቹ አንዱ በዚያን ጊዜ ስሙ በመላው ሩሲያ የሚታወቀው አንቶን ቼኾቭ ነው። ቼኾቭ ስለ ራሱ መጻፍን እንደ በሽታ ይፈራው ነበር። ቢሆንም የክፍል ጓደኛ ነገር ሆነበትና አጭር ጽሑፍ ላከ።

በዚያች ጽሑፍ ውስጥ፣ በ1892 እና በ1893 የኮሌራ ዓመታት በሰርፑኾቭ አውራጃ የሜሊኾቮን የሕክምና ቀጠና ይመራ እንደነበር ይገልጻል። ለዚህ ሁሉ ነገር የሰጠው አንዲት ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው። እኛ ዛሬ ያቺን ዓረፍተ ነገር እንፍታት። የቼኾቭን ተውኔትና አጫጭር ልብ ወለድ የሚያውቅ ሰው ብዙ ነው፤ ኑሮ በከበደበት ዘመን በቤቱ ደጃፍ ሕመምተኛ ያስተናግድ የነበረውን ሐኪም ቼኾቭን የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው።

ቼኾቭ ድህነትን በመጽሐፍ አይደለም የተማረው። የተወለደው በ1860 በአዞቭ ባሕር ዳር ባለችው በታጋንሮግ ከተማ ነው። አያቱ ለባለርስት የሚገዙ ገባር ነበሩ፤ የራሳቸውንና የቤተሰባቸውን ነጻነት በገንዘብ ገዝተው ነው የወጡት። አባቱ ፓቬል በታጋንሮግ ሱቅ ነበራቸው። ንግዱ አልሆን ብሎ በ1876 ከሰሩና ባለዕዳ ሳይዛቸው ወደ ሞስኮ ጠፉ። ቤተሰቡም ተከትሏቸው ሄደ። አንቶን ግን በ16 ዓመቱ ብቻውን ቀረ። የሰው ልጆች እያስጠና ራሱን ችሎ ትምህርቱን ጨረሰ። በ1879 የታጋንሮግ ከተማ ምክር ቤት በወር 25 ሩብል ድጎማ ቆርጦለት ወደ ሞስኮ መጣና ሕክምና ትምህርት ቤት ገባ።

ሞስኮ ሲደርስ የቤተሰቡ ሸክም ትከሻው ላይ ወደቀ። ቀን ሬሳ ክፍልና ትምህርት አዳራሽ ይውላል፤ ማታ ለቀልድ መጽሔቶች አጫጭር ጽሑፎች ይጽፋል። ሲጀምር የሚከፈለው በመስመር 5 ኮፔክ ነበር። አንድ ሩብል 100 ኮፔክ ስለሆነ ለአንዲት ሩብል 20 መስመር መጻፍ አለበት ማለት ነው። ድርሰቱ ያኔ የእንጀራ ጉዳይ ነበር። ዋና ሙያዬ የሚለው ሕክምናን ነበር።

በ1884 ተመርቆ ሐኪም ሆነ። ሥራ የጀመረው ከሞስኮ ወጣ ብሎ ባለ የገጠር ሆስፒታል ነው። ከዚያ ወደ ሞስኮ ተመልሶ በሚኖርበት ቤት በር ላይ የሐኪም ስም ሰሌዳ ሰቀለ። በዚህ መሐል ትንሽ ክሊኒክ ከፍቶ የሚያስተዳድር ካለ የሚቀጥለውን ነገር ያውቀዋል። ቼኾቭ በ1885 መጀመሪያ ለአጎቱ በጻፈው ደብዳቤ የሥራውን ሒሳብ ገልጾለታል። ወዳጅና የሚያውቀው ሰው ብዙ ስለሆነ በሽተኛም አይጠፋም። ግማሹን በነጻ ያክማል። ግማሹ ደግሞ 3 ሩብል ወይም 5 ሩብል ይከፍለዋል። ወደ ሕመምተኞች ለመሄድ ለፈረስ ጋሪ የሚያወጣው በቀን ከአንድ ሩብል በላይ ነው። እንግዲህ በመጀመሪያ ክፍያው ካሰላነው፣ የአንድ ቀን ጋሪ ከ20 መስመር ጽሑፍ በላይ ይበላ ነበር። ክሊኒኩ ቤቱን ሊያኖር ቀርቶ፣ ብዕሩ ነው ክሊኒኩን የሚያኖረው።

ሌላም ዕዳ ነበረበት። በ1884 ማብቂያ፣ ዲግሪውን በያዘበት ዓመት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ደም አስተፋው። ሐኪም ነውና ምልክቱን አልሳተውም ለማለት ይቻላል፤ ነገር ግን ለብዙ ዓመታት በባልደረቦቹ ሊመረመር እሺ አላለም። ወንድሙ ሚኻይል እንደሚተርከው፣ ከዚያ በኋላ ያክማቸው በነበሩ በአንድ ቤተሰብ አባላት ላይ ታይፈስ ገብቶ እናትና አንዲት ልጅ ሞቱ። ልጅቱ ነፍሷ ስትወጣ የቼኾቭን እጅ ይዛ ነበር። ሐዘኑ ስለከበደው የስም ሰሌዳውን ከበሩ ላይ አወረደው። እንዲያም ሆኖ ሙያውን አልተወም። በ1890 ሳይቤሪያን አቋርጦ እስከ ሳኻሊን ደሴት ድረስ ሄዶ የእስረኞችን ኑሮ ያጠናው ለሕክምና ሙያው ዕዳውን ልክፈል ብሎ ነው።

ያ ጉዞ ካለቀ ብዙም ሳይቆይ ክፉው ቀን መጣ። በ1891 ድርቅ የሩሲያን መካከለኛና የቮልጋ አገሮች መታ። እህል ጠፋ። ገበሬው የሚያበላው ስላጣ ፈረሱን በማይረባ ዋጋ ይሸጥ ወይም ያርድ ጀመር። እኛ አገር በሬውን የሸጠ ገበሬ የሚደርስበትን የሚያውቅ ሁሉ ይህን ያውቀዋል፤ ዝናብ ቢመጣ እንኳ የሚያርስበት የለውም። ቼኾቭ በ1892 ክረምት ላይ ወደ ኒዥኒ ኖቭጎሮድና ወደ ቮሮኔዥ ሄዶ በአንድ ሥራ ገባ። ገንዘብ ተሰብስቦ ፈረሶቹ ከገበሬው ይገዛሉ፣ ክረምቱን ይቀለባሉ፣ የእርሻ ጊዜ ሲደርስ ለገበሬው ይመለሳሉ። እዚህም ላይ ልብ በሉ፤ ያሰበው ለዛሬ ራት ብቻ ሳይሆን ለሚቀጥለው ዓመት አዝመራ ነው።

በዚያው ዓመት ከሞስኮ በስተደቡብ 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ የምትገኘውን የሜሊኾቮን ርስት በ13 ሺህ ሩብል ገዛ። ከዋጋው ብዙው ብድር ነበር። እናት፣ አባትና እኅቱ ማሪያም አብረውት ገቡ። ሐኪም መጥቷል የሚለው ወሬ በአካባቢው ለመዳረስ ብዙ ቀን አልፈጀም። ገበሬዎች በጠዋት እየመጡ ደጃፉ ላይ ይቆማሉ፤ አንዳንዱ ከሩቅ መንደር በጋሪ ተጭኖ ይመጣል። ቼኾቭ ካርድ አውጥቶ እየመዘገበ ይመረምራል። የሚሰጠው መድኃኒት የሚገዛው ከራሱ ኪስ ነው። ማሪያ ሞስኮ በመምህርነት ትሠራ ስለነበር እቤት በምትሆንበት ጊዜ ቁስል በማጠብ፣ በማሰርና መድኃኒት በማደል ትረዳው ነበር። ሌሊት ጥሪ ሲመጣ ሐኪሙ ተነሥቶ ይሄዳል። የቤት ኪራይ የለም፣ የነርስ ደመወዝ የለም፣ ከበሽተኛ የሚገባ ገንዘብም የለም። የቤተሰብ ክሊኒክ ማለት ይኸው ነው።

በበጋው ኮሌራ ከካስፒያን ባሕር ተነሥቶ በቮልጋ በኩል ሽቅብ መጣ። ከበሽታው እኩል የሚያስፈራው ወሬው ነበር። ሐኪሞች ሰው ይመርዛሉ፣ ሕዝብ በቁሙ ይቀብራሉ ተባለ። በኽቫሊንስክ ከተማ አንድ ሐኪም በተቆጣ ሕዝብ ተገደለ። በሩሲያ አውራጃዎች ዜምስትቮ የሚባል የአካባቢ ምክር ቤት ነበር፤ ከግብር በሚሰበስበው ገንዘብ ለገጠሩ ሕዝብ ሐኪም ይቀጥራል። የሰርፑኾቭ ዜምስትቮ በቂ ሐኪም ስላልነበረው ቼኾቭን ጠየቀ። እሱም ተቀበለ፣ ደመወዙን ግን አልፈልግም አለ፤ ነጻነቱን ጠብቆ መሥራት ነበር የፈለገው። 25 መንደሮች፣ 4 ፋብሪካዎችና 1 ገዳም በእሱ ቀጠና ሥር ሆኑ።

ምክር ቤቱ ለቀጠናው የሚሰጠው ገንዘብ አልነበረውም። ስለዚህ ቼኾቭ በአሮጌ ጋሪ እየዞረ መለመን ጀመረ። አንዲት ባለጸጋ ባለርስት ሥራ ሊጠይቃት የመጣ ሰው አድርጋ አስተናገደችው። የገዳሙ አበምኔት ለሕሙማን ማረፊያ ቦታ አልሰጥም አሉት። ፋብሪካ ባለቤቶች ግን እጃቸውን ዘረጉ፤ ለ25ቱም መንደር የሚሆን ኖራና የጀርም ማጥፊያ ከእነሱ አገኘ። በመጨረሻ ሁለት በደንብ የተሟሉ፣ አምስት ደግሞ ደከም ያሉ የሕሙማን ማቆያ ቤቶች ተዘጋጁ። ምክር ቤቱ ለዚህ ቀጠና ያወጣው ገንዘብ ከምንም የሚቆጠር አልነበረም።

ሥጋቱ ግን ቀላል አልነበረም። ያን ጊዜ ቼኾቭ ሊጠቀምበት ያሰበው የኮሌራ ሕክምና፣ ሞቅ ያለ የታኒን ውሃ በታች በኩል በብዛት መስጠትና የጨው ውሃ ከቆዳ ሥር መውጋት ነበር። በሱ ግምት ይህ ለአንድ በሽተኛ ከ5 እስከ 10 ሰዓት ይፈጃል። በ25 መንደር በአንድ ቀን ሦስት አራት ሰው ቢታመም አንድ ሐኪም የትኛውን ይደርሳል? ይህን እያወቀ ነው የገባበት። እንደ ዕድል ሆኖ ኮሌራው 30 ኪሎ ሜትር ያህል ቀርቦ ሰው ገደለና በዚያ ዓመት ወደ ቀጠናው ሳይገባ ቀረ።

ታዲያ ልፋቱ ከንቱ ሆነ? አልሆነም። ኮሌራ ሲጠበቅ ሌላው በሽታ መምጣቱን አልተወም። ከኦገስት እስከ ኦክቶበር አጋማሽ ድረስ ብቻ 500 ሕመምተኞች በካርድ ተመዝግበዋል፤ ያልተመዘገቡት ሲጨመሩ ከ1,000 እንደማያንሱ ራሱ ገምቷል። ደግሞም በሌላ ቦታ ሐኪም ሲገደል፣ በሜሊኾቮ ገበሬው ልጁን ይዞ ወደ ሐኪሙ ደጅ ይመጣ ነበር። እምነት በወረርሽኝ ቀን በአዋጅ አይመጣም። ቀደም ብሎ፣ በተራ ጠዋት፣ አንድ ቁስል በማጠብ የሚጠራቀም ነገር ነው። የዚያ የቤት ክሊኒክ ትልቁ ሀብት ይህ ይመስለኛል።

ዋጋው ግን በአንድ ሰው ላይ ወደቀ። በእነዚያ ወራት ለመጻፍ ጊዜ አላገኘም፤ ካልጻፈ ደግሞ ገንዘብ የለም፤ የርስቱ ብድር ግን ቀኑን ጠብቆ ይመጣል። በ1893ም ኮሌራው ሲያሰጋ እንደገና ያንኑ ቀጠና ያዘ። ከዚያ በኋላ በአካባቢው በታሌዥ፣ በኖቮሲዮልኪና በሜሊኾቮ ትምህርት ቤቶች አሠራ። በዚህ ሁሉ ጊዜ የሚሳል ሐኪም ነው የሚስሉትን ያክም የነበረው። በማርች 1897 ሞስኮ ውስጥ ራት ላይ ተቀምጦ ሳለ ከአፉ ደም ፈሰሰ። የተኛው የተማረበት ዩኒቨርሲቲ ክሊኒክ፣ በፕሮፌሰር ኦስትሮዑሞቭ ክፍል ነው። ሳንባ ነቀርሳው አሁን በሌሎች ሐኪሞች አፍ ተነገረ፤ የገጠር ሕክምናውንም እንዲተው ተመከረ።

የሜሊኾቮ ክሊኒክ በገንዘብ እጦት አልተዘጋም፣ በሽተኛም አጥቶ አልተዘጋም። የተዘጋው ሐኪሙ ስለታመመ ነው። በ1898 አባቱ ሞቱ፤ በ1899 ርስቱ ተሸጠ፤ ቼኾቭም ሞቃታማ አየር ፍለጋ ወደ ያልታ ሄደ። እዚያም አላረፈም፤ እንደሱ ሳንባቸው ታሞ ገንዘብ ለሌላቸው ማረፊያ እንዲሠራ መዋጮ ይሰበስብ ነበር። ጁላይ 15 ቀን 1904 በጀርመን አገር በባደንቫይለር ከተማ በ44 ዓመቱ አረፈ።

ይህን ታሪክ የጻፍኩት ሁላችንም በነጻ እናክም ለማለት አይደለም። ከመካከላችን ብዙዎች የመድኃኒት ዋጋ በየሳምንቱ ሲጨምር፣ የቤት ኪራይ ሲንር፣ በዱቤ የታከመ ጎረቤት ሳይመጣ ሲቀር ትንሽ ክሊኒካቸውን ይዘው የሚንገታገቱ ናቸው። ለእነሱ ቼኾቭን ምሳሌ አድርጎ መስበክ ቀላል ነው። ነገር ግን ሒሳቡን ሙሉ እንየው። ያ ክሊኒክ የቆመው በደራሲ ገቢ፣ በእኅት ጉልበት፣ በፋብሪካ ባለቤቶች ኖራና በሐኪሙ ሳንባ ነው። ምክር ቤቱ ያላወጣውን ገንዘብ አንድ ሰው በዕድሜው ከፍሎታል። ደግነቱን እናድንቅ፤ ደግነት ብቻውን ሲቀር ምን እንደሚያስከፍልም እንወቅ። የሚሠራ ባልደረባ በሰፈራችሁ ካለ፣ ዛሬ በበዓሉ ላይ ስታገኙት እንዴት ነህ ብቻ አትበሉት፤ ክሊኒኩ እንዴት ነው፣ አንተስ ተመርምረሃል ወይ በሉት።

ሮሶሊሞም የክፍል ጓደኛውን የጠየቀው የሕይወት ታሪኩን ነበር። ቼኾቭ ሁለቱን የኮሌራ ዓመታት በአንድ ዓረፍተ ነገር ዘግቶ ላከለት። በእኛም መድበል ውስጥ እንዲህ ያሉ አጫጭር ዓረፍተ ነገሮች አይጠፉም። ገጹን ስታገላብጡ እነሱ ላይ ትንሽ ቆም በሉ።