ጊዜውን ያወቀ ታጋይ

ጅቡቲ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1888 ዓ.ም. የተቆረቆረች የባሕር ወደብ ናት። ከዚህ አንድ ዓመት በኋላ፣ በ1889፣ አንድ ጃፓናዊ መምህር የአውሮፓን ትምህርት አያያዝ ለመመልከት በመርከብ ተሳፍሮ በባብ ኤል መንደብ በኩል ወደ ቀይ ባሕር ዘለቀ። ቁመቱ አጭር፣ ሰውነቱም ቀጭን ነበር። ይህ ሰው ጁዶ የተባለውን የትግል ስልት የመሠረተው ጂጎሮ ካኖ ነው።

ካኖ በ1860 በኮቤ አጠገብ በምትገኘው በሚካጌ ተወለደ። በቶኪዮ በአዳሪ ትምህርት ቤት ሲማር በዕውቀት ከጓደኞቹ የማያንስ ቢሆንም፣ በጉልበት ደካማ ስለ ነበረ ብርቱዎቹ ልጆች ያንገላቱት ነበር። ስለዚህ ደካማው ብርቱውን የሚረታበት ጁጁትሱ የሚባል ጥንታዊ የትግል ጥበብ መኖሩን በሰማ ጊዜ ልቡ ተነሣሣ። አባቱ ጥበቡ ጊዜው ያለፈበት ነው ብለው ቢቃወሙትም ተስፋ አልቆረጠም። በ1877 መምህር አግኝቶ ትምህርቱን ጀመረ።

የመጀመሪያው መምህሩ በ1879፣ ሁለተኛውም በ1881 ሞቱ። ከዚያ በኋላ ኢኩቦ ጹኔቶሺ ወደሚባሉ የታወቁ የጁጁትሱ መምህር ሄደ። በ1882 ካኖ በአንድ ቤተ መቅደስ ውስጥ አሥራ ሁለት ምንጣፎች በተነጠፉበት አዳራሽ ኮዶካን የተባለውን ትምህርት ቤት ሲከፍት፣ ኢኩቦ እዚያው ድረስ እየመጡ ያስተምሩት ነበር። ዕድሜያቸው ወደ ሃምሳ ቢጠጋም፣ ወጣቱ ካኖ ከእርሳቸው ጋር በታገለ ቁጥር የሚወድቀው እርሱ ነበር።

ካኖ ግን በወደቀ ቁጥር የወደቀበትን ምክንያት ይመረምር ነበር። ሰው በሁለት እግሩ ጸንቶ ሲቆም መጣል እጅግ ያስቸግራል። እግሩን አንሥቶ ሲራመድ ግን የሰውነቱ ክብደት ወደ አንድ ወገን ያዘነብላል። በዚያች ቅጽበት ጥቂት ቢስቡት ወይም ቢገፉት ሚዛኑን ያጣል። ቅጽበቷ ሳትደርስ የቸኮለ ታጋይ ጉልበቱን በከንቱ ይጨርሳል፤ ካለፈች በኋላ የተነሣም ተጋጣሚው ጸንቶ ይጠብቀዋል።

አንድ ቀን መምህርና ተማሪ እንደ ልማዳቸው ተያያዙ። በዚያን ቀን ግን ካኖ መምህሩን ደጋግሞ ጣላቸው። ኢኩቦ ተደነቁ፤ ምክንያቱንም ጠየቁት። እርሱም የደረሰበትን ሁሉ ገለጸላቸው። መምህሩ አላፈሩም፤ አልተቆጡምም። ከእንግዲህ የሚያስተምሩት ነገር እንደሌላቸው ነገሩት፤ ቆይተውም የጥበቡን የምስክር ወረቀት ሰጡት። ተማሪ መምህሩን ሲበልጥ የመምህሩ ድካም ፍሬ አፈራ ማለት ነውና።

ካኖ በ1909 ከእስያ የመጀመሪያው የዓለም አቀፍ ኦሊምፒክ ኮሚቴ አባል ሆነ። በ1938 ካይሮ ከተደረገው የኮሚቴው ስብሰባ ወደ አገሩ ሲመለስ በመርከብ ላይ ሞተ። ጁዶ በ1964 በቶኪዮ የኦሊምፒክ ውድድር ውስጥ ገባ። በ2021 ውድድሩ ዳግመኛ በዚያው ከተማ ሲካሄድ፣ ካኖ በወጣትነቱ በባሕሯ አጠገብ ያለፈባት ጅቡቲም በጁዶ የሚወዳደር ልጇን ልካለች።

ጊዜ የሰጠው ቅል ድንጋይ ይሰብራል ይባላል። ካኖ ግን ጊዜ እስኪሰጠው እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም፤ ጊዜውን ለይቶ ማወቅን እየወደቀና እየተነሣ ተማረ እንጂ።