ከደብረ አስቦ ምን ቀረልን?

በወርኃ ግንቦት ወደ ደብረ ሊባኖስ ስንጓዝ ብዙዎቻችን የምንጠይቀው፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖት የሠሩት ቤተ ክርስቲያን የትኛው ነው ብለን ነው። ዛሬ የምንሳለመው ሕንፃ ግን በ1955 ዓ.ም. የተሠራ ነው። ታዲያ ከጻድቁ ሥራ ምን ቀረልን?

ጻድቁ በ13ኛው መቶ ዓመት በሸዋ፣ በጽላልሽ ምድር፣ ከካህኑ ጸጋ ዘአብና ከእግዚእ ኀረያ ተወለዱ። የልጅነት ስማቸው ፍሥሐ ጽዮን ነበር። በወጣትነታቸው አደን ይወዱ እንደ ነበር ገድላቸው ይነግረናል። በኋላ ግን ሀብታቸውን ለድኆች ሰጥተው፣ ቤታቸውን እንደ ተከፈተ ትተው ወጡ። ሆኖም የገዳም አባት ለመሆን አልቸኮሉም። በአማራ አገር አባ በጸሎተ ሚካኤልን እንደ አንድ ተራ አገልጋይ ረዱ፤ በሐይቅ እስጢፋኖስ በአባ ኢየሱስ ሞዓ እግር ሥር ተማሩ፤ እስከ ደብረ ዳሞም ዘለቁ። ወደ ሸዋ ተመልሰው ደብረ አስቦን የመሠረቱት ይህን ሁሉ ዓመት ደቀ መዝሙር ሆነው ከቆዩ በኋላ ነው። በዚያም በዋሻ ውስጥ ቆመው ሲጸልዩ አንድ እግራቸው እንደ ተቆረጠ ገድላቸው ይመሰክራል። ያረፉት ነሐሴ 24 ቀን ነው።

ገዳሙ በዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን ደብረ ሊባኖስ ተባለ። በ1523 ዓ.ም. በግራኝ አሕመድ ጦር ተቃጠለ። በግንቦት 1929 ዓ.ም. ደግሞ፣ የጻድቁ ዐፅም የፈለሰበት በዓል በሚከበርበት ሰሞን፣ በግራዚያኒ ትእዛዝ የፋሺስት ጦር መነኮሳቱንና ምእመናኑን ፈጀ። ጦሩ ራሱ ያመነው 297 መነኮሳትና ቆይቶም 129 ዲያቆናት መግደሉን ነው፤ በኋላ የተደረገው ጥናት ግን ቁጥሩን ከዚህ እጅግ ከፍ ያደርገዋል። እነዚያ ዲያቆናት እንደ እኛው ወጣቶች ነበሩ።

ሕንፃው ሲቃጠል፣ መነኮሳቱ ሲያልቁ ገዳሙ ስለ ምን አልጠፋም? ጻድቁ ከድንጋይ ይልቅ በሰው ላይ ስለ ሠሩ ነው። አንዱ ሌላውን እያመነኮሰ፣ አንዱ ሌላውን እያስተማረ ሰንሰለቱ ቀጠለ። የገዳሙ አለቃ እጨጌ እየተባለ የአገሪቱን መነኮሳት ለብዙ ዘመን መራ። በ1951 ዓ.ም. የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ፓትርያርክ የሆኑት አቡነ ባስልዮስም አስቀድመው እጨጌ ነበሩ።

እኛ ግን ጥቂት ቀለም ስንቆጥር ለማስተማር እንሽቀዳደማለን፤ ውኃ ቅዱ ስንባል እናፍራለን። እንግዲህ ወጣቶች ሆይ፣ በሚመጣው ግንቦት ደብረ ሊባኖስ ስንደርስ የፈረሰውን ግንብ ብቻ አንፈልግ። ከእኛ በኋላ ለሚመጣው ታናሽ ወንድማችን ምን እንዳስተማርን እንጠያየቅ። ያ ሰንሰለት በእኛ ዘመን ቢበጠስ፣ በእሳት ወይም በጠላት ልናመካኝ አንችልም።