የጨቅላ ሕፃናትን ዓይን የታደጉት ሐኪም

በ19ኛው ክፍለ ዘመን አውሮፓ ውስጥ በርካታ ሕፃናት ጤናማ ዓይን ይዘው ተወልደው በጥቂት ቀናት ውስጥ ብርሃናቸውን ያጡ ነበር። የዓይናቸው ቆብ ያብጣል፤ መግል ይይዛል፤ ቁስሉም የዓይንን ብሌን ይጎዳል። ዋነኛው መንስኤ እናትየዋ ሳታውቀው በወሊድ ወቅት ወደ ልጇ የሚተላለፍ የጨብጥ በሽታ ነበር።

ይህን ችግር ለመከላከል ቀላል መላ ያገኙት ጀርመናዊው የማህፀንና ጽንስ ሐኪም ፕሮፌሰር ካርል ክሬዴ ናቸው። እ.ኤ.አ በ1819 በበርሊን ከተማ ተወለዱ። በዚያው ከተማ የአዋላጆች ትምህርት ቤትን ከመሩ በኋላ፣ በ1856 ወደ ላይፕዚግ ተዛውረው በፕሮፌሰርነት እያስተማሩ የእናቶች ሆስፒታሉን በኃላፊነት መርተዋል።

በሆስፒታሉ ከሚወለዱ 100 ሕፃናት መካከል 10 ያህሉ በዚህ የዓይን ሕመም ይያዙ ነበር። ክሬዴ በመጀመሪያ የእናቶችን የመውለጃ አካል በማጠብ ችግሩን ለማስወገድ ሞከሩ፤ ውጤቱ ግን በቂ አልነበረም። ስለዚህ ፊታቸውን ወደ ሕፃኑ ዓይን አዞሩ። በ1880 እያንዳንዱ ሕፃን እንደተወለደ ዓይኑ በንጹሕ ውኃ እንዲጠረግ፣ ከዚያም ሁለት በመቶ ሲልቨር ናይትሬት ያለው ውህድ በመስታወት ዘንግ አንድ አንድ ጠብታ እንዲደረግለት አዘዙ። ገላ የታጠበበት ውኃ ለዓይን እንዳይውልም ከለከሉ። በሕመሙ የሚያዙት ሕፃናት ቁጥር ከ100 ከአንድ በታች ወረደ። ዘዴው በሌሎች አገሮችም ተስፋፋ። ክሬዴ በ1892 በላይፕዚግ አረፉ።

ሲልቨር ናይትሬት ዓይንን ስለሚቆጠቁጥ በብዙ ቦታ በፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት ተተክቷል። በአገራችን ጤና ተቋማት ለአራስ ሕፃናት የሚደረገው የቴትራሳይክሊን የዓይን ቅባትም የዚሁ ሐሳብ ቀጣይ ነው። ስለሆነም ወላጆች ቅባቱ ለልጃቸው መደረጉን መጠየቅ ይገባቸዋል። ቤት ውስጥ የተወለደ ሕፃንም ሳይዘገይ ወደ ጤና ተቋም ሊወሰድ ይገባል።

በቤት ውስጥ የሕፃኑን ዓይን ከማጽዳትዎ በፊት እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ። ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ ንጹሕ ጥጥ ነክረው ከአፍንጫ በኩል ወደ ውጭ በቀስታ ይጥረጉ። ለእያንዳንዱ ዓይን የተለያየ ጥጥ ይጠቀሙ። ኩል፣ ቅቤ፣ የጡት ወተትም ሆነ ለሌላ ሰው የታዘዘ መድኃኒት አያድርጉበት።

በመጀመሪያው ወር የሕፃኑ ዓይን ከቀላ፣ ካበጠ ወይም መግል ከያዘ ግን ነገ ይሻለዋል ብሎ መጠበቅ አደገኛ ነው። በዚያው ዕለት ወደ ጤና ተቋም ይውሰዱት።