ብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤል ዘጎጃም

ፍትሕ ማለት ለእያንዳንዱ የሚገባውን መስጠት ነው ተብሎ በትምህርተ ክርስቶስ ይነገራል። ነገር ግን በቡሬ ገበያ እናቷን ተከትላ እህል ለምትሰፍር ልጃገረድ፥ ወይም በፍኖተ ሰላም አጠገብ ከምንጭ ወረፋ ይዛ ውኃ ለምትቀዳ ብላቴና፥ ይህ ቃል ብቻውን ደረቅ እንጀራ ነው። ወጡ የሚገኘው ፍትሕን በኖረ ሰው ሕይወት ውስጥ ነው። ለጎጃም ልጅ ደግሞ እንዲህ ያለውን ሰው ለመፈለግ ባሕር መሻገር አያስፈልግም፤ ከጮቄ ተራራ ወዲያ ማዶ ተወልደው ያደጉ አሉና።

አባ ገብረ ሚካኤል በ1791 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቈጣጠር ናቸው) ከመርጡለ ማርያም አጠገብ ዲቦ በምትባል መንደር ተወለዱ። በልጅነታቸው አንድ ዐይናቸው ጠፋ፤ የቀረው አንዱ ግን ለመጽሐፍ በቃ። ወደ መርጡለ ማርያም ገዳም ገብተው ተማሩ፥ መነኰሱም። ንግሥት እሌኒ ቤተ ክርስቲያን ያሠራችው በዚያ ደብር ነው፤ ሊቁ ያደጉበትን ስፍራ ያከበረችው ሴት መሆኗን ሴቶች ልጆች ቢያውቁት መልካም ነው።

ጊዜው ዘመነ መሳፍንት ነበረና መኳንንቱ በጦር፥ ሊቃውንቱም ስለ ክርስቶስ ቅብዐትና ልደት በሚነሣው ክርክር ተለያይተው ይኖሩ ነበር። አባ ገብረ ሚካኤል ግን ያደጉበትን ወገን ብቻ ሰምተው አልተቀመጡም። የምንኵስና ሥርዐት ስለ ምን እንደ ላላ ለማወቅ ከገዳም ወደ ገዳም እየዞሩ መጻሕፍትን መረመሩ፤ ወደ ጎንደርም ወጥተው ተማሩ፥ አስተማሩም። የፍትሕ መጀመሪያው ይህ ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም። ዳኛ ማለት በአደባባይ የተቀመጠ ሰው ብቻ አይደለምና። ቡና በሚፈላበት ቤት ስለ ጎረቤት ልጅ ክፉ ወሬ ሲነሣ፥ በሌለችበት የምትፈርድባት ሁሉ ዳኛ ሆና ተቀምጣለች፤ ያውም አንዱን ወገን ብቻ ሰምታ።

በ1841 ዓ.ም. ደጃዝማች ውቤ ጳጳስ ለማስመጣት ወደ ግብፅ መልእክተኞች ላኩ። ጣሊያናዊው ካህን አቡነ ያዕቆብ፥ ዛሬ ቅዱስ ዩስጢኖስ ደ ያዕቆብስ የሚባሉት፥ አብረው ሄዱ፤ አባ ገብረ ሚካኤልም ከመልእክተኞቹ አንዱ ነበሩ። በካይሮ የተሾሙት አቡነ ሰላማ ገና ወጣት ስለ ነበሩ አባ ገብረ ሚካኤል ሹመቱን ተቃወሙ፤ ዝም ቢሉ የሚጠቀሙበት፥ ቢናገሩ የሚጎዱበት ነገር ነበር። ከዚያም ወደ ሮማ ተሻግረው በርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጎርጎርዮስ 16ኛ ፊት ቀረቡ፤ ኢየሩሳሌምንም ተሳለሙ። በዚህ ረጅም መንገድ የአቡነ ያዕቆብን ጠባይ በቅርብ አዩ፤ ይሁን እንጂ ወዲያው አልተከተሏቸውም። ሦስት ዓመት ያህል ነገሩን ሲመዝኑ ቆይተው በ1844 ዓ.ም. ወደ ካቶሊካዊት እምነት ገቡ። ዕድሜያቸው ከ50 ዓመት አልፎ ነበር፤ በዚያ ዕድሜ ሰው ያከማቸውን ክብር ይጠብቃል እንጂ ሊጥለው አይነሣም።

ከዚያ በኋላ በጓላ በተከፈተው ትምህርት ቤት የሀገሩን ልጆች አስተማሩ፤ ግእዝን የሚያስረዳ ሰዋስውና የትምህርተ ክርስቶስ መጽሐፍ በማዘጋጀትም ደከሙ። በ1851 ዓ.ም. ከአቡነ ያዕቆብ እጅ ክህነት ተቀበሉ። በጓላ ለክህነት ይማሩ የነበሩት ሁሉ ወንዶች ነበሩ፤ ይህን መሸሸግ አይገባም። የካቶሊክ እኅቶች ለሴቶች ልጆች ያቆሟቸው ትምህርት ቤቶች እርሳቸው ከሞቱ በኋላ የመጡ ናቸው። ስለዚህ ዛሬ ልጃገረድ ስለ ፍትሕ ስትማር፥ ለእኅቶቿ ዘግይቶ የደረሰውን ድርሻ ትቀበላለች እንጂ ማንም በቸርነት የሰጣትን ምጽዋት አትቀበልም። እርሷም በተራዋ ለቤት ሠራተኛዋ ደመወዟን በቀኑ ልትከፍል፥ የተዋሰችውን ወንፊት ሳይጠየቅ ልትመልስ፥ ቁናውንም ለሻጭና ለገዢ አንድ ልታደርግ ይገባታል።

በ1854 ዓ.ም. ደጃዝማች ካሣ፥ በኋላ ዐፄ ቴዎድሮስ የተባሉት፥ ከአቡነ ሰላማ ጋራ ተስማምተው ሁሉ በአንድ ሃይማኖት እንዲያድር አዘዙ። አባ ገብረ ሚካኤልና ጓደኞቻቸው በጎንደር ተይዘው እግራቸው በግንድ ተጠረቀ፤ አቡነ ያዕቆብም ታስረው ከአገር ተሰደዱ። ስለ ፍትሕ የሚያስተምር ሰው ለተቃዋሚም ሚዛኑን ማጋደል የለበትምና፥ ካሣ በመሳፍንት የተበጣጠሰችውን አገር አንድ ለማድረግ እንደ ተነሡ፥ አቡነ ሰላማም በወጣትነታቸው በማያውቁት አገር ክርክር መካከል እንደ ወደቁ መናገር ይገባል። በደሉ ግን በደል ነው። ለንጉሥ መታዘዝ ይገባዋል፤ ሕሊና ግን የንጉሥ ገንዘብ አይደለም።

ሽማግሌው መነኵሴ እምነታቸውን እንዲለውጡ ብዙ ጊዜ ተጠየቁ፥ እንቢ አሉ። በጅራፍ ተገረፉ፤ ደኅነኛ ዐይናቸውን እንኳ እየፈለጉ እንደ መቷቸውና ብርሃኑ እንዳልጠፋ ይነገራል። በ1855 ዓ.ም. ሞት ተፈረደባቸው፤ ነገር ግን የእንግሊዝ ቆንስል ዋልተር ፕላውደን ስለ እርሳቸው ለመነና ፍርዱ ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ተለወጠ። ፕላውደን ካቶሊክ አልነበረም፤ አባ ገብረ ሚካኤልን የሚያስማማው ነገር ጥቂት ነበር። ወገኔ ነው ብሎ ሳይሆን ይህ ሰው አይገባውም ብሎ የቆመ እንዲህ ያለ ሰው በዚያ ሰፈር ሲገኝ ደስ ያሰኛል።

ንጉሡ ወደ ወሎ ሲዘምቱ እስረኛው በሰንሰለት ተጎትተው ተከተሉ። በሰፈሩ ኮሌራ ገብቶ ነበር፤ አባ ገብረ ሚካኤልም ታመሙ። ይህን ሁሉ መከራ ተሸክመው አለመሞታቸውን ያዩ ወታደሮች በቅዱስ ጊዮርጊስ ይመስሏቸው ነበር ይባላል። በዚያው በ1855 ዓ.ም. ክረምት በመንገድ ላይ ዐረፉ፤ ሰንሰለቱን ፈትተው የቀበሯቸውም ጠባቂዎቻቸው ነበሩ።

ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 11ኛ በጥቅምት ወር 1926 ዓ.ም. ብፁዕ ብለው ዐወጁላቸው። የተወለዱባት ጎጃም ደግሞ በ2015 ዓ.ም. መንበሩ ባሕር ዳር የሆነ የካቶሊክ ሀገረ ስብከት አገኘች።